ስለ ትምህርት ቤት ቦታ፤ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ትምህርት ቤት ይሠራልን ብሎ የማይለምን መንደር ዛሬ አይገኝም። ነገር ግን ልመናው ተሰምቶ፣ መንግሥትም እሺ ብሎ፣ ቆርቆሮውና ሚስማሩ ከደባርቅ በመኪና ተጭኖ በመጣ ጊዜ «የት ላይ ይቁም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ያን ጊዜ ጉባኤው ዝም ይላል። ጠፍ መሬት ባለበት አገር ነገሩ ቀላል ነው። መሬቱ ሁሉ ታርሶ ባለቀበት አገር ግን ትምህርት ቤቱ የሚቆመው በአንድ ሰው ገብስ ላይ ነው። የዚህ ንግግር ነገርም ስለዚያ ስለ አንዱ ሰው ነው፤ ይኸውም የብዙ ልጆች ጥቅምና የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ፊት ለፊት በተገናኙ ጊዜ ማንም ሳይበደል ነገሩ ይፈጸም ዘንድ ምን እንደሚገባ ለመግለጥ ነው።

በቀድሞ ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም። የፊደልና የዳዊት ተማሪ በደጀ ሰላም ጥላ ወይም በዛፍ ሥር ተቀምጦ ይማር ነበረ። የቅኔና የድጓ ተማሪም ከመምህሩ ቤት አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ ይማር ነበረ። መምህሩ ወደ ሌላ ደብር ሲሄድ ትምህርት ቤቱም ተከትሎት ይሄዳል፤ ጎጆው ይፈርሳል፤ ሣርም ይበቅልበታል። ስለዚህ በዚያን ዘመን ትምህርት ቤት ማለት መምህሩ እንጂ ቦታው አልነበረም፤ ለትምህርት ተብሎ እርሻውን የተነጠቀ ገበሬም አልነበረም። የዛሬው ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነው። የየክፍሉ ቤት፣ የመምህራን መኖሪያ፣ ለወንዶች ለብቻ ለሴቶች ለብቻ የሆነ መጸዳጃ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የኳስ ሜዳና የአትክልት ቦታ ይፈልጋል። ሜዳ ደግሞ በሰሜን አገር ብዙ አይገኝም፤ የተገኘውም ሜዳ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የታረሰ ነው።

ስለ ብዙዎች ጥቅም የአንዱን ቦታ መውሰድ ግን ጥንትም የነበረ ነገር ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ መጨረሻ የተጻፈውን ካህናት ሁሉ ያውቁታል። በእስራኤል ላይ መቅሠፍት በወረደ ጊዜ ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢያቡሳዊው ወደ ኦርና አውድማ ወጥቶ መሠዊያ ይሠራ ዘንድ ታዘዘ። ቦታው ኦርና እህሉን የሚወቃበት ነበረ። ንጉሡን ባየ ጊዜ በምድር ላይ ተደፍቶ ሰገደ፤ አውድማውንም፣ በሬዎቹንም፣ ለማገዶ የሚሆነውንም የበሬ ዕቃ ያለ ዋጋ እንዲወስድ ለመነው። ዳዊት ግን እንቢ አለ፤ ያልከፈለበትን ነገር መሥዋዕት አድርጎ ማቅረብን አልወደደም። የሳሙኤል መጽሐፍ አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር እንደ ገዛ ይናገራል፤ የዜና መዋዕል መጽሐፍም ስለ ቦታው 600 ሰቅል ወርቅ እንደ ሰጠ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በዚያው አውድማ ላይ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚታለፍ ነገር አለ። ኦርና ያለ ዋጋ ውሰድ ያለው ንጉሡ ከባለሟሎቹ ጋራ በፊቱ ቆሞ ሳለ ነው። እንደዚያ ባለ ሰዓት የሚናገር ሰው በልቡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ዛሬም የወረዳው ሹማምንት በወንበር ተቀምጠው፣ መምህሩ ቆሞ፣ ጎረቤት ሁሉ ዓይኑን በአንድ ሰው ላይ ጥሎ «ለልጆቻችን እኮ ነው» በተባለ ጊዜ እንቢ ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነው። ያ ሰው በጉባኤው ፊት እሺ ብሎ ይመረቃል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋራ ሲነጋገር ግን ሌላ ቃል ይናገራል። ስለዚህ በይሉኝታ የተሰጠ መሬት ስጦታ ተብሎ ባይጻፍ ይሻላል። ሰውዬው በእውነት ሊሰጥ የወደደ እንደ ሆነ ሳምንት ቆይቶ ብቻውን ቢጠየቅም ያንኑ ቃል ይመልሳል። ዳዊት ዋጋ የከፈለው ኦርና ስለ ጠየቀው አይደለም፤ ሳይጠይቀው ነው።

የናቡቴም ነገር ከዚህ ጋራ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ንጉሡ አክዓብ በቤቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ በፈለገ ጊዜ፣ በፋንታው ከእርሱ የሚሻል የወይን ቦታ ልስጥህ፣ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ልክፈልህ አለው። ልብ ብሎ ለተመለከተው ይህ የመጀመሪያው ቃል ክፉ አልነበረም፤ ዛሬ በሕግ «ምትክ መሬት» ወይም «ካሳ» የሚባለው ይኸው ነው። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ስለ ሆነ እንቢ አለ። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ የሐሰት ምስክሮች አቁማ፣ የከተማውን ሽማግሎችም አባብላ ናቡቴን አስገደለችው። ሽማግሎቹ ደብዳቤው እንደ ደረሳቸው የታዘዙትን አደረጉ እንጂ አንዱ እንኳ እውነት ነው ወይ ብሎ እንደ ጠየቀ አልተጻፈም። ደግሞም ቦታው የተፈለገው ለሕዝብ ጥቅም አልነበረም፤ ንጉሡ የጎመን አትክልት ሊያደርገው ነበር። እንግዲህ ሰው ከርስቱ ሲነሣ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል ማለት ነው፤ ምን ሊሠራበት ነው? ደግሞስ በምን መንገድ ተወሰደ? የመጀመሪያው መልካም ስለ ሆነ ሁለተኛው ይታለፍ የሚል ሰው ተሳስቷል።

በኢትዮጵያ መንግሥት ሕግ ይህ ነገር ቀስ በቀስ እየተገለጠ መጥቷል። በ1923 ዓ.ም. የቆመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ፣ በሕግ ለተወሰነ የሕዝብ ጥቅም ካልሆነ በቀር የኢትዮጵያን ተወላጅ ከመሬቱም ከሌላውም ንብረቱ ማንም ሊነቅለው እንደማይችል ደነገገ፤ ስለ ካሳ ግን በዚያ አንቀጽ በግልጥ አልተነገረም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በዐዋጅ ተጣለ፤ ባለ መሬት ሁሉ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ በመሬቱ ልክ እንዲከፍል ተደረገ። ይህ ከመሬቱ ፍሬ መውሰድ እንጂ መሬቱን ራሱን መውሰድ አልነበረም፤ ሸክሙም በብዙዎች ላይ የተካፈለ ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ተገቢ ካሳ ሳይከፈል ማንም ከንብረቱ እንዳይለቅ አዘዘ፤ ስለ ካሳው መጠንም መስማማት ቢቀር ዳኛ ይወስናል አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1460ኛው ቁጥር ጀምሮ ነገሩን በዝርዝር ጻፈው፤ የካሳውም ልክ ባለ ንብረቱ በእርግጥ ከደረሰበት ጉዳት ጋራ የተካከለ እንዲሆን ወሰነ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ሳለ በበጌምድርና ሰሜን አገር ሌላ ችግር ነበረ። ርስት የአንድ ሰው ብቻ አልነበረምና። መሬቱን አስቀድሞ ያቀናው አባት ልጆች፣ የልጅ ልጆችም፣ በአባትም በእናትም እየቆጠሩ ድርሻ ይጠይቁበት ነበረ። አንዱ እርሻ ዛሬ በእገሌ እጅ ቢገኝም ነገ ከወገራ ወይም ከጃናሞራ የአክስት ልጅ መጥቶ «የእኔም አለበት» ይላል። ሙግቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ዳኛው ይሞታል፣ ሙግቱ ግን አይሞትም። ስለዚህ ለትምህርት ቤት የሚሆን ቦታ በገንዘብ ልግዛ የሚል ቢመጣ ሻጩ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ከባድ ነበረ፤ ለአንዱ ቢከፈል አሥሩ ይከስሳሉ። በ1958 ዓ.ም. ገደማ የትምህርት ሚኒስቴር በስዊድን መንግሥት ርዳታ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ማሠራት በጀመረ ጊዜም ቦታውን የማዘጋጀት ነገር ለየአገሩ ሕዝብ የተተወ ነበረ። ይህም ጥበብ ያለበት ነገር ነው፤ የማን ድርሻ የት እንደ ሆነ የሚያውቀው በአዲስ አበባ ያለ ጸሓፊ ሳይሆን የመንደሩ ሽማግሌ ነውና። ነገር ግን ሕዝቡ ያዘጋጅ ማለት ብዙ ጊዜ ደካማው ይስጥ ማለት ሆኖ የሚቀር መሆኑን ሽማግሎች ራሳቸው አይክዱትም። የባለ ጸጋው እርሻ ተዘልሎ የመበለቲቱ እርሻ «ለመንገድ የሚመች» ይሆናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የርስት ሙግትም ቀረ። ከዚያ ወዲህ መሬት አይሸጥም አይገዛም፤ ስለዚህ ለትምህርት ቤት የሚወሰደውን መሬት «ተገዛ» ማለት እንደ ልማድ ካልሆነ በቀር በሕግ ትክክል አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፣ ገበሬው በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው፣ በመሬቱም ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ላደረገው ማሻሻያ መብቱ ሙሉ እንደ ሆነ፣ መንግሥትም ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ እንዲከፍል ይደነግጋል። «አስቀድሞ» የሚለው ቃል ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የገበሬው ዓመት በእርሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ካሳው ከዘር ወቅት በኋላ ከመጣ ያ ቤተ ሰብ በዚያ ዓመት አላረሰም ማለት ነው።

የካሳውን አቈጣጠር መምህራን ሊያውቁት ይገባል፤ ገበሬው የሚጠይቀው እነርሱን ነውና። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ፣ በንብረቱ ላይ ከሚከፈለው ሌላ፣ ባለፉት 5 ዓመታት በአማካይ ያገኘው የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበረ። በእርሱ ፋንታ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ምትክ መሬት ላልተገኘለት ሰው፣ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከሁሉ የሚበልጠው የአንዱ ዓመት ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ፤ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት የተሰጠው እንደ ሆነ ደግሞ ያው ከፍተኛ ገቢ የአንድ ዓመት ብቻ እንዲከፈለው ወሰነ። ከቦታው ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ለሚሄድም ስለ ጉርብትናው መፍረስና ስለ ልቡ ጉዳት የሚከፈል ካሳ ጨመረ።

ለምሳሌ ያህል አንድ እርሻ በ5 ዓመታት ውስጥ በተከታታይ 18,000፣ 22,000፣ 24,000፣ 31,000ና 27,000 ብር አስገኘ ተብሎ ይታሰብ። በፊተኛው ዐዋጅ አማካዩ 24,400 ስለ ሆነ ካሳው 244,000 ብር ይሆናል። በኋለኛው ዐዋጅ የ31,000 ብሩ ዓመት ተወስዶ 465,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለ ሆነ ሒሳብ የሚያውቅ መምህር ለገበሬው ቁጥሩን ቢያሰላለት የሒሳብ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ጥቅም የሚሰጥበት ቀን አይኖርም። ደግሞ ሲሰላ ወደ ገበያ የወጣው ገብስ ብቻ ሳይሆን በቤት የተበላው፣ ገለባውም ለከብት የዋለው ሁሉ መቈጠር አለበት። ድንጋይ ለቅሞ የካበው እርከን፣ የተከለውም ባሕር ዛፍ በንብረት በኩል ለብቻው ይገመታል። ይህ ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ በአንዳንድ አንቀጽ ተሻሽሏልና ጉዳዩ በደረሰ ጊዜ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል፤ ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን የተወሰነ ነውና ሳያልፍ በጽሑፍ ማቅረብ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ወደሚከብድበት ስፍራ መምጣት ያስፈልጋል። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ የሚሄደውን መንገድ የያዘ ሰው አምባራስን ያገኛል። አገሩ ብርቱ ደጋ ነው፤ ገብስ ዋና እህሉ፣ በግና ፍየል ገንዘቡ፣ ብርዱ ባለንጀራው ነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ተዳፋት አለበት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በ1989 ዓ.ም. ዋልያውና የዱሩ ስፍራ ስለ ተጎዳ አደጋ ካለባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚያ አገር እርሻ የጠበበው ሰው እንደ አያቱ ጫካ መንጥሮ ሌላ እርሻ ሊያቀና አይችልም። ያለውም አፈር እንኳ እየሄደ ነው። በ1967 ዓ.ም. ገደማ የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ የሠራው የስዊስ አገር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ በዚያ አካባቢ የገብሱ እርሻ አፈር በዝናም እየታጠበ እንዴት እንደሚያልቅ መርምሮ ጽፏል። በደጋው ላይ ጥልቅ አፈር ያለው ደልዳላ እርሻ ማለት ከብዙ ትውልድ የተረፈ ቅሪት ነው። እርሱን ወስዶ መሠረት መቆፈሪያ ማድረግ፣ ካሳውስ ተከፍሎ፣ የማይመለስ ነገር ነው።

በዚያው በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ሰዎች ነገር በቅርብ የታየ ነው። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች መንደራቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ ካሳም ተከፈላቸው፤ በከተማው የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። ምክንያቱ ትምህርት ቤት ሳይሆን የዱሩ ጥበቃ ነበረ፤ ሆኖም ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ገበሬን ከመሬቱ ማንሣት ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። ገብስ ዘርቶ በግ አርብቶ የኖረ ሰው በከተማ መካከል ቤት ቢኖረው ማረሻውን የት ይሰካል? ገንዘብ ለነጋዴ ዘር ነው፤ ይዘራዋል፣ ያጭደዋል። ለገበሬ ግን ገንዘብ ምርት ነው፤ ከተበላ በኋላ የሚዘራ አይተርፈውም። ለልጆቹ ከተማው ትምህርት ቤትን ያቀርባል፤ ይህ እውነት ነው። የአባቱ ዕድሜ ግን በሙሉ በአንድ ሙያ ላይ የቆመ ነበረ።

ስለዚህ እንደ አምባራስ ባለ አገር የመጀመሪያው ሥራ ካሳ መቍጠር አይደለም፤ ሰው ሳይነቀል የሚቆምበትን ስፍራ መፈለግ ነው። መምህሩና ሽማግሎቹ መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት መንደሩን በእግራቸው ቢዞሩት መልካም ነው። መሐንዲስ ሜዳ ይወዳል፤ ሥራው ይቀልለታልና። የሰሜን ሰው ግን በተዳፋት ላይ ቤት መሥራትን ያውቃል፤ ድንጋይ ክቦ፣ መደብ አበጅቶ፣ ቤቱን በደረጃ በደረጃ ያቆማል። ሜዳው ለማረሻ ቢቀር፣ ተዳፋቱ ለመማሪያ ቤት ቢሆን ወጪው በጥቂት ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ጭማሪ በመንግሥትና በሕዝቡ ሁሉ ላይ የሚካፈል ሲሆን የእርሻው መጥፋት በአንድ ቤት ላይ ብቻ የሚወድቅ ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ በተመለከተ ደግሞ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ባዶ የሚሆን እርሻ በባለ ቤቱ ፈቃድ ለጥቂት ወራት ይበቃል፤ ስለ ኳስ ብሎ ሰው መንቀል ነውር ነው። ሁለት ፈረቃ ማስተማርም የሚፈለገውን ቤት ያሳንሳል።

የወል ግጦሽ አለና ከዚያ ይሠራ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህም ሳይመረመር አይታለፍ። የወል መሬት የሁሉ ስለ ሆነ ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን እርሻ የሌለው ድሃ አምስት በጎቹን የሚያሰማራው በእርሱ ላይ ነው። ከግጦሹ የግድ መውሰድ ካስፈለገ ግን በዚያው ልክ ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች ከዳር ከዳሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡና ለተነቀለው ምትክ ቢሆን፣ ሸክሙ እንደ ቀድሞው የትምህርት ግብር ይካፈላል። ይህን ማድረግ የሚችለው የወረዳ ሹም አይደለም፤ ጎረቤቱን በስሙ ጠርቶ «አንተም ከዳርህ አንድ ገመድ ልቀቅ» የሚል ሽማግሌ ነው።

በሌላው ዓለም ያሉ ሕዝቦችም በዚሁ ነገር ሲቸገሩ ኖረዋል። አሜሪካኖች በ1785 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ባወጡት የመሬት ሕግ፣ በምዕራብ ያለው መሬት ገና ለሰፋሪዎች ሳይሸጥ በየከተማው ክልል ከ36 ክፍል 16ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት እንዲቀመጥ ወሰኑ። አስቀድሞ የታሰበበት ነገር ማንንም ሰፋሪ አይነቅልም፤ ከዚያ በፊት በአገሩ የኖሩት ነባር ሕዝቦች ግን ከመሬታቸው መገፋታቸው መረሳት የለበትም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1841 በወጣው ሕግ ባለ መሬት ለድሆች ትምህርት ቤት እስከ አንድ ኤከር፣ ማለት የአንድ ሄክታር ሁለት አምስተኛ ያህል፣ ሊሰጥ ተፈቀደለት፤ ቦታው ለትምህርት ቤት መሆኑ የቀረ እንደ ሆነ ግን ወደ ሰጪው ወገን እንዲመለስ ተደነገገ። ከዚያም በኋላ በ1870 በየስፍራው የተቋቋሙት የትምህርት ሸንጎዎች ባለ መሬቱ ባይወድም እንኳ ዋጋ ከፍለው ቦታ እንዲወስዱ ሥልጣን አገኙ። ይህ የእንግሊዞች መመለስ የሚለው ነገር ለኢትዮጵያ ገጠርም የሚታሰብ ነው። ካሳ የተከፈለበት መሬት ተከፍሎበታልና የሚመለስ ነገር የለውም። ነገር ግን አንድ ሰው በእውነት ወድዶ ያለ ዋጋ ሰጥቶ፣ ኋላ ትምህርት ቤቱ ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር፣ ያ ቦታ የማን ይሆናል? የአንዱ ሹም ዘመድ ሱቅ እንዳይከፍትበት በስጦታው ቀን ቢጻፍ ይሻላል።

መሬቱን መውሰድ የግድ ከሆነ ደግሞ የሚጠበቁ ነገሮች አሉ። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መታደል ጀምሯል፤ በደብተሩም የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም አብሮ ይገኛል። ስለዚህ ባልየው ብቻ በጉባኤ ተጠርቶ እሺ ቢል አይበቃም፤ ሚስቲቱም ትጠየቅ፤ ገንዘቡም ለሁለቱ በጋራ ይከፈል። ባል በጠላ ቤት ያወጣውን የእርሻ ካሳ ልጆቹ ጾማቸውን እያደሩ ይቈጥሩታል። ዘመድ መጥቶ በድሮው የርስት አቈጣጠር «የእኔም ድርሻ አለበት» ቢል ደብተሩ ተከፍቶ ይታይ።

ገንዘቡ ከአቅም በታች ሆኖ ሲገኝ ሰውዬውን ለማጽናናት የትምህርት ቤት ዘበኝነት መስጠት ይታሰባል። ሥራ መስጠት ጥሩ ነው፤ በካሳ ፋንታ መቍጠር ግን ስሕተት ነው። ዘበኛው ሲሞት ደመወዙም አብሮት ይሞታል፤ እርሻ ግን ለልጅ ይተርፋል። ደግሞም ዘበኛ ሆኖ በገዛ እርሻው ላይ የሚያድር ሰው ሌሊት ሌሊት የሚያስበውን ማንም አይወድም።

ስለ ጊዜውም ልብ ይባል። በደጋው ገብስ የሚታጨደው ዘግይቶ ነው፤ ሰብሉ ሳይሰበሰብ ችካል የሚተከልበት ምክንያት የለም። ትምህርት ቤት ሳይኖር ብዙ ዘመን የቆየ አገር ሁለት ወር መታገሥ አያቅተውም። ስፋቱም በገመድ ሲለካ ባለ ይዞታው ራሱ ገመዱን በአንድ ጫፍ ይያዝ፤ ከልኩ በላይ አንድ ክንድ እንኳ ቢታለፍ ያን ጊዜ ይናገር። ኋላ አጥሩ ከቆመ በኋላ የሚነሣ ክርክር መምህሩን ከጎረቤቱ ያጣላል፤ የተጣላ ጎረቤት ልጅ ደግሞ ከትምህርት ይቀራል። እርሻው የተወሰደበት ሰው ልጅ በዚያው እርሻ ላይ በቆመው ክፍል ውስጥ ካልተቀመጠ፣ ያ ትምህርት ቤት ከዚያ ቤት ሁለት ጊዜ ወስዷል ማለት ነው።

ሁሉም ሲፈጸም ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። በቃለ ጉባኤው የእርሻው ስፋት፣ አዋሳኞቹ በአራቱ ማዕዘን፣ የተቈጠረው ካሳና የተከፈለበት ቀን፣ ምትክም ተሰጥቶ እንደ ሆነ የምትኩ ስፍራ በግልጥ ይግባ። መጻፍ የማይችል በጣቱ ይፈርም፤ ከመፈረሙ በፊት ግን መምህሩ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያንብብለት። አንዱ ግልባጭ በቀበሌው፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ ሦስተኛውም በባለ ይዞታዎቹ ቤት፣ ከይዞታ ደብተራቸው ጋራ በአንድ ስፍራ ይቀመጥ።